ፊት ለፊት ያለው ብሎን

ሥራ የጀመርኩ ቀን የጣቢያው ኃላፊ ጋሽ ምናለ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ ረጅም የፍሎረሰንት አምፖል አስታቀፉኝ። ገመድ የለው፣ ሶኬት የለው። "ያዥውና ተከተይኝ" አሉና የማማውን መሰላል መውጣት ጀመሩ። ከታችኛው የአንቴና ሰሌዳ ጥቂት ክንድ ሲቀረን አምፖሉ እጄ ላይ ቦግ ብሎ በራ።

ልጥለው ምንም አልቀረኝ። ጋሽ ምናለ ከላዬ ሆነው ወደ ታች እያዩኝ ፈገግ አሉ።

"ማን አበራው?" አልኳቸው።

"ይኸ ኸጎንሽ የሚያልፈው።"

"የሚያልፍ ነገር አይታየኝም እኮ።"

"አይታይሽም። ኸዛሬ ጀምሮ ሥራሽ ኸማይታይ ነገር ጋር ነው። የተሳሳትሽ ቀን ግን ይታያል። በይ ውረጂ፣ እዚህ ብዙ አይቆምም።"

ፈንታነሽ እባላለሁ። የፍኖተ ሰላም ልጅ ነኝ። መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ዓመት አዲስ አበባ የቴክኒክ ትምህርቴን ጨርሼ ከቡሬ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ወደነበረው የቴሌቪዥን ማሰራጫ ጣቢያ በጀማሪ ቴክኒሽያንነት ተመደብኩ። ጣቢያው ቡሬን፣ ፍኖተ ሰላምንና አየሩ ጥሩ ሲሆን የቋሪትን ደጋ ያዳርስ ነበር። ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ዘበኞቹ ለመጀመሪያው ሳምንት ወጥ ቤት የተቀጠርኩ መስሏቸው ምሳ መቼ እንደሚደርስ ይጠይቁኝ ነበር።

የማሰራጫው ልብ ቲዩቡ ነው። ቁመቱ ከክንድ ያነሰ፣ ብረትና ሸክላ የተጋባበት፣ ውስጡ አየር የሌለው ዕቃ ነው። የሚቀመጠው ካቪቲ በምንለው፣ በብር በተለበጠ ክብ የመዳብ ቤት ውስጥ ሲሆን ዙሪያውን እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ቀጫጭን የነሐስ ምላሶች ያቅፉታል። ከላይ ስምንት ብሎን ያለው ቀለበት ይጫነውና ይጠብቃል። ኃይሉ ሁሉ ከቲዩቡ ወደ ካቪቲው የሚሻገረው በነዚያ ምላሶች ነው።

ጋሽ ምናለ ይህን ሲያስረዱኝ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። "ውስጡ ያለው ማዕበል ነው፤ ዙሪያውን እኩል ካልያዝሽው መውጫ ይፈልጋል" ይሉኛል። እኔም እሰማለሁ፣ እጽፋለሁ፣ ግን ያን ጊዜ የገባኝ ቃሉ ብቻ ነበር።

እሳቸው በሥራ ላይ ዝግ ያሉ ሰው ነበሩ። ከፍተኛ ኃይሉን አጥፍተው እንኳ የመሬት በትሩን ሦስት ጊዜ ያስነኩ ነበር፣ የቀረ ኤሌክትሪክ እንዳይኖር። ቲዩብ ሲገጥሙ ደግሞ አንዱን ብሎን ትንሽ ያጠብቁና ማሰራጫውን ዞረው ወዲያ ማዶ ይሄዳሉ። እዚያ አንዱን ይነኩና ተመልሰው ይመጣሉ። ጠዋት የጀመሩት ቀለበት ምሳ ሰዓት ይደርስበታል። እግራቸውን ለማፍታታት ይመስለኝ ነበር።

እኔ እጄ ፈጣን ነው። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ ያን ጊዜ ግን እመካበት ነበር። እሳቸው ግማሽ ቀን የሚፈጅባቸውን እኔ በአንድ ሰዓት እጨርስና እጄን እታጠባለሁ። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ፈንቱ" ይሉኛል። የሽማግሌ ወግ ነው ብዬ አልፈዋለሁ።

በአራተኛው ዓመት የጋሽ ምናለ ዓይን ሞራ ጋረደው። የመለኪያዎቹን መርፌ ለማንበብ ፊታቸውን መስታወቱ ላይ ይለጥፉ ጀመር። ለጡረታቸው አንድ ዓመት ከመንፈቅ ነበር የቀራቸው። ነባሩ ቲዩብ ዕድሜውን ጨርሶ ሲደክም፣ አዲሱን የምገጥመው እኔ እንድሆን ነገሩኝና መፍቻውን በእጃቸው ሰጡኝ። ከምሳ በፊት ገጥሜ ጨረስኩ። መዝገቡ ላይ እንደ ደንቡ የጣቢያው ኃላፊ ፈረሙ።

ያ ቲዩብ ሁለት ሳምንት አልሞላውም። መጀመሪያ የመቆጣጠሪያው ምስል ላይ ሰያፍ መስመሮች ታዩ። ቀጥሎ የአንዱ መለኪያ መርፌ ብርድ እንደመታው ሰው ይንቀጠቀጥ ጀመር። በሦስተኛው ቀን የአደጋ መከላከያው ማሽኑን በራሱ አጠፋው፤ ስንከፍተው ቲዩቡ ሞቷል። ከመጋዘን ካሉን ሁለት መለዋወጫዎች አንዱን አውጥቼ ገጠምኩ። እሱም በአሥረኛው ቀን እንደዚያው ተንቀጥቅጦ ሞተ።

የቀረን አንድ ብቻ ሆነ። እሱን ለመግጠም ደፋር አልተገኘም። ቡሬና ፍኖተ ሰላም ቴሌቪዥን ጠፋባቸው፤ የሻይ ቤት ባለቤቶች ኮረብታው ድረስ በእግር እየወጡ "ምን በደልናችሁ?" ይሉን ነበር።

ሁለተኛው ቲዩብ ሲወጣ አንድ ነገር አየሁ። ከነሐስ ምላሶቹ መካከል በምሥራቅ በኩል ያሉት ጠቁረዋል። ልክ ከነሱ ትይዩ በምዕራብ ያሉትም ጠቁረዋል። በሰሜንና በደቡብ ያሉት ግን ትናንት የተለበጡ ይመስል ያበራሉ። የመጀመሪያውን ቲዩብ አውጥቼ ሳየው ምላሶቹ የነኩት ቦታም ያው ነው። ቆሻሻ ቢሆን አንድ ቦታ ያቃጥል ነበር። ሙቀት ቢሆን ዙሪያውን ያጠቁር ነበር። ሁለት ትይዩ ቦታ መርጦ፣ መካከሉን ዘልሎ የሚያቃጥል ምን ዓይነት እሳት ነው? ለሦስት ቀን ያን ስዕል በወረቀት ላይ ደጋግሜ ሣልኩ። ምንም አልመጣልኝም።

ከዋናው መሥሪያ ቤት ኢንጅነር ሰለሞን መጣ። ወጣት ነው፣ የተማረ ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም። መዝገቡን ገልብጦ የጋሽ ምናለን ፊርማ ሁለት ቦታ አየ።

"ጋሽ ምናለ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው" አላቸው። "ግን በአንድ ወር ሁለት ቲዩብ ያቃጠለ ጣቢያ ሌላ የለኝም። እነዚህን የገጠሙት እርስዎ ነዎት?"

ጋሽ ምናለ ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ፊርማው የኔ ነው" አሉ።

"ዓይንዎን እንደሚያምዎት ሰምቻለሁ። ቸልተኝነት ነው ከተባለ የጡረታ መብትዎንም የሚነካ ነገር ነው። እስኪጣራ ድረስ ከሥራ ታግደዋል። የቀረውን ቲዩብ ዓርብ መጥቼ ለሌላ ጣቢያ እወስደዋለሁ። እዚህ አንድ ተጨማሪ እንዲቃጠል አልፈቅድም።"

እኔ እዚያው ቆሜ ነበር፣ በሩን ተደግፌ። የከፍተኛ ቴክኒሽያንነት ማዕረጌ ደብዳቤ በዚያ ሳምንት ይደርሳል ተብሎ እጠብቅ ነበር። "የገጠምኩት እኔ ነኝ" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ኢንጅነሩ ወደኔ ዞሮ "አንቺስ የምትጨምሪው አለ?" ሲለኝ ስለ ምላሶቹ ብቻ ነገርኩት። አየት አደረገና "ቆሻሻ ነው፤ የአገጣጠም ጉድለት ነው" አለ። ግማሹ እውነት ነበር። አፍሬ አንገቴን ደፋሁ፤ ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

በማግስቱ ማክሰኞ ጋሽ ምናለ ፍኖተ ሰላም ካለው ቤታቸው ስልክ ደወሉልኝ። የሚወቅሱኝ መስሎኝ ነበር።

"ፈንቱ፣ መኪናዋ ፍኖተ ሰላም ትመጣ እንደሁ ስትመለሺ የደብራችንን ከበሮ ወደ ቡሬ ይዘሽልኝ ሂጂ" አሉኝ። "ለጥምቀት መወጠር አለበት። ዲያቆኖቹ ጋሪ ላይ ጭነው ሊልኩት ነበር፤ በጋሪ እንዳይላጋ ብዬ ነው። አቶ ተገኘ ዘንድ አድርሽልኝ።"

አቶ ተገኘ ከቡሬ ወጣ ብሎ የሚኖሩ የአዊ ተወላጅ ናቸው። ቆዳ ስለሚሠሩ ብዙ ሰው ስማቸውን አይጠራም፤ በሥራቸው ነው የሚጠራቸው፣ ያውም ዝቅ አድርጎ። በየደብሩ ማኅሌት የሚመታው ከበሮ የሳቸው እጅ ሥራ ነው፤ እሳቸውን ግን ለማዕድ የሚጠራቸው ብዙ አልነበረም። ጋሽ ምናለ ብቻ "አቶ" ሳይሉ ጠርተዋቸው አያውቁም። እኔም "አቶ ተገኘ" ብዬ አድራሻውን ስጠይቅ የቡሬ ሰዎች ግር ብሏቸው አዩኝ።

ከበሮውን አስረክቤ ልመለስ ነበር። "ተቀመጪ እንጂ፣ ይኸን ያህል መንገድ መጥተሽ" አሉኝ በእድሜ ባረጀ ድምፅ። ከበሮውን ሰፊ አፉን ወደ ላይ አድርገው በሁለት እግራቸው መካከል አቆሙት። ከጎናቸው ካለ ቁና እፍኝ ጤፍ ዘግነው ቆዳው ላይ በተኑ። ከዚያ በመዳፋቸው መሃሉን ቀስ አድርገው መታ መታ አደረጉት።

ጤፉ ተንቀሳቀሰ። ቅንጣቱ ሁሉ እየዘለለ በከበሮው መሃል ተሰለፈ፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ አንድ ጠባብ መስመር ሠርቶ ቆመ። በመስመሩ ግራና ቀኝ ያለው ቆዳ ባዶ ሆነ።

"ይኸውልሽ፣ ታማለች" አሉ።

"እንዴት አወቁ?"

"ደኅና ቆዳ መሃሉን ሲመቱት ሁለመናው አንድ ላይ ይነሣል፣ አንድ ላይ ይወርዳል። ጤፉም ዙሪያውን ወደ ዳር ይሸሻል፣ እኩል። ይኸች ግን ምሥራቋ ሲነሣ ምዕራቧ ይወርዳል፤ ምዕራቧ ሲነሣ ምሥራቋ ይወርዳል። መካከሉ አይነሣም አይወርድም። ጤፍ ደግሞ የሚያርፈው ፀጥ ያለበት ነው። ድምጿ የሚሰነጠቀው ለዚያ ነው።"

ለሦስት ቀን የሣልኩት ስዕል ከፊቴ ጤፍ ሆኖ ተቀምጧል። ምሥራቅና ምዕራብ የሚናወጠው፤ ሰሜንና ደቡብ ፀጥ ያለው። በኔ ካቪቲ ውስጥ የሚናወጠው አቃጠለ፤ ፀጥ ያለው አበራ። የማይታየውን ሞገድ ለአራት ዓመት ሳገለግለው ኖሬ መልኩን ያየሁት ቆዳ ሠሪ ጓሮ ውስጥ በእፍኝ ጤፍ ነው።

"መሃሉን አይደል እንዴ የመቱት?" አልኳቸው። "ከዳር ቢመቱት ይገባኛል። መሃል ሲመታ ለምን ወደ ጎን ይከፈላል?"

"ጠፍሩ እኩል ስላልተሳበ ነዋ። ያልተስማማ ቆዳ መሃሉንም ብትመችው ኸዳር እንደተመታ ይሆናል።" የከበሮውን ዙሪያ በጣታቸው ዳሰሱ። "ቄሶቹ ዘንድ ያለ አንድ ችኩል ሰው ነክቷታል። አንዱን ጠፍር ስቦ ቀጥሎ ያለውን ስቧል፣ ኸዚያ ቀጥሎ ያለውን። እንዲያ እየዞርሽ ስትስቢ የመጀመሪያው ያየለ፣ የመጨረሻው የላላ ይሆናል። ቆዳው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። በዓይን አታይውም።"

"ታዲያ እንዴት ነው የሚሳበው?"

አንዱን ጠፍር ጥቂት ሳቡ። ከበሮውን አዞሩና ልክ ከፊት ለፊቱ ያለውን ሳቡ። ሩብ አዞሩት፣ አንዱን ሳቡ፤ አዞሩ፣ ትይዩውን ሳቡ። በየሁለቱ ጤፉን እየበተኑ ይመቱታል። መስመሩ መጀመሪያ ተንሻፈፈ፣ ቀጥሎ ተበጣጠሰ። በመጨረሻ አንድ ጊዜ መሃሉን ሲመቱት ጤፉ በሙሉ እንደ ቀለበት ተከፍቶ ወደ ዳር ሸሸ። ድምፁ ጓሮውን ሞላው።

ያን ጊዜ ጋሽ ምናለ መፍቻ ይዘው ማሰራጫውን ሲዞሩ ታዩኝ። አንዱን ጠበቅ፣ ወዲያ ማዶ፣ ትይዩውን ጠበቅ፣ ወዲህ ማዶ። እኔ ደግሞ ስምንቱን ብሎን እንደ መቁጠሪያ በተርታ፣ አንዱን እስከ መጨረሻው አጥብቄ ወደ ጎረቤቱ ስሄድ። ቲዩቡን ወደ አንድ ጎን ያጋደልኩት እኔ ነኝ። ቲዩቦቹን የገደልኩት እኔ ነኝ። አቶ ተገኘ ፊት እንባዬ መጣ። ጤፍ ዓይኔ ገባ አልኳቸው፤ እሳቸውም ያመኑኝ መሰሉ።

ረቡዕና ሐሙስ መጽሐፎቼን አገላበጥኩ። እውነትም አለ፤ ተምሬዋለሁ፣ ፈተናም ተፈትኜበታለሁ። እንዲህ ባለ ክብ ቤት ውስጥ ሞገዱ ዙሪያውን እኩል ሆኖ ሲሄድ የምንፈልገው እሱ ነው። ነገር ግን እዚያው ቤት ውስጥ ሌላ፣ በጣም አጭር የሆነ፣ የማይክሮዌቭ ወገን የሆነ ሞገድ ማደር ይችላል። እሱ ሚዛን የለውም፤ በአንዱ ጎን ወደ ላይ ሲሆን በትይዩው ወደ ታች ነው። ቲዩቡ ቀጥ ብሎ ሲቆም ይህኛው ሞገድ አቅም አያገኝም። ቲዩቡ የፀጉር ያህል ካጋደለ ግን ከዋናው ኃይል እየጠባ ያድጋል። ማሰራጫው ሳናዝዘው የራሱን ማይክሮዌቭ ያመነጭ ጀመር ማለት ነው። አንቴና ላይ አይወጣም፤ እዚያው ቤቱ ውስጥ ይዞርና ምላሶቹን ይበላል።

ዓርብ ኢንጅነር ሰለሞን ሲመጣ የጠቆሩትን ምላሶች በአዲስ ቀይሬያለሁ፤ ቲዩቡም ከሳጥኑ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

"ማን አውጪው አለሽ?"

"ማንም። አንድ ሰዓት ስጠኝ፤ በዝቅተኛ ኃይል አንድ ነገር ላሳይህ። ካላመንክ ይዘኸው ሂድ።"

"ቢቃጠልስ?"

"ሁለቱን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ሦስተኛውም ቢቃጠል የምጠየቀው እኔው ነኝ። ጋሽ ምናለ መፍቻ አልነኩም።"

"ያን ቀን ለምን አልተናገርሽም?" አለ። "ፈራሁ" አልኩት። ኮቱን አውልቆ ወንበር ላይ ሰቀለና "ቀጥይ" አለኝ።

የጣት ቀለበት የምታህል የሽቦ ቀለበት ላይ አንዲት ሚጢጢ አምፖል በይጄ፣ ረጅም ደረቅ ዘንግ ጫፍ ላይ አስሬ ነበር። ቀለበቷ ትንሽ ስለሆነች በዝቅተኛ ኃይል የማሰራጫው ረጅም ሞገድ አያበራትም፤ አጭሩ ካለ ግን ትበራለች። መጀመሪያ ቲዩቡን እንደ ድሮዬ ብሎኖቹን በተርታ አጥብቄ ገጠምኩት። ኃይሉን ከዝቅተኛው አስነሣሁና ዘንጉን በካቪቲው መመልከቻ ቀዳዳዎች ዙሪያ አዞርኩት። በምሥራቅ በራች። በሰሜን ጠፋች። በምዕራብ በራች። በደቡብ ጠፋች። ኢንጅነሩ ዘንጉን ከእጄ ተቀብሎ ራሱ ሁለት ጊዜ ዞረ።

አጠፋሁ። የመሬት በትሩን ሦስት ጊዜ አስነካሁ። ስምንቱንም ብሎን ፈታሁና አንዱን ጥቂት አጠበቅኩ፤ ማሰራጫውን ዞሬ ትይዩውን ጥቂት አጠበቅኩ። ሩብ ሄጄ እንደገና። ሦስት ዙር ፈጀብኝ። ምሳ ሰዓት አለፈ። ኢንጅነሩ ቆሞ ይቆጥርልኝ ነበር።

እንደገና ስናስነሣ ዘንጉን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ምሥራቅ፣ ምንም። ሰሜን፣ ምንም። ምዕራብ፣ ምንም። ደቡብ፣ ምንም። ኃይሉን ጥቂት ጥቂት ከፍ አደረግነው፤ አምፖሏ ጨለማ ሆና ዞረች። ከዚያ ዘንጉን አውጥተን በሮቹን ዘጋንና ሙሉ ኃይል ሰጠነው። የመለኪያው መርፌ በሚስማር የተመታ ይመስል ቀጥ ብሎ ቆመ። በመጀመሪያው ቀን ገመድ የሌለው አምፖል እጄ ላይ ሲበራ ተደንቄ ነበር። ከዚያ የበለጠ የተደነቅኩት በዚህች ባልበራች አምፖል ነው። አንድ ትልቅ ነገር ሲያልፍ ጎንበስ እንደሚባለው ጎንበስ አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ዘበኛው በሩን አንኳኩቶ "ኸታች ቡሬ ምስሉ መጣ እያሉ ነው" አለን። ኢንጅነር ሰለሞን ኮቱን ለበሰ፣ ባዶ ሳጥኑን አየው፣ እዚያው ተወው።

ሪፖርቱን ራሴ ጻፍኩ። ሁለቱንም ቲዩብ የገጠምኩት እኔ መሆኔን፣ ብሎኖቹን በተርታ ማጥበቄን፣ አቶ ምናለ ሥራው ላይ እንዳልነበሩ፣ ስጠየቅም ዝም ማለቴን ጻፍኩና በስሜ ፈረምኩ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። የማዕረግ ደብዳቤዬም ተመለሰ፤ ከፍተኛ ቴክኒሽያን ለመሆን ሌላ ሦስት ዓመት ጠበቅኩ። የጋሽ ምናለ እገዳ ግን ተነሣ።

ወደ ጣቢያው የተመለሱ ቀን ሪፖርቱን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ፤ ዓይናቸው አልቻለም ነበር። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩላቸው።

"ፊት ለፊት ማጥበቁን ለምን አልነገሩኝም?" አልኳቸው።

"እኔም ለምን እንደሁ አላውቅም ነበር እኮ፣ ልጄ። ያስተማሩኝ ሰው እንዲያ ያደርጉ ነበር፤ እኔም አደረግሁ። ለአራት ዓመት አጠገቤ ቆመሽ ስታዪ፣ ያየሽ መስሎኝ።"

አይቻለሁ፤ ዝግታቸውን ብቻ ነበር ያየሁት። የቀረኝን ጥያቄ መጠየቅ ከበደኝ፤ ግን ካልጠየቅኩ እንቅልፍ አላገኝም ነበር።

"ኢንጅነሩ 'የገጠሙት እርስዎ ነዎት?' ሲልዎት፣ እኔ እንደሆንኩ ለምን አልተናገሩም? እኔ ዝም ብዬ ቆሜ ሳለሁ?"

"መፍቻውን የሰጠሁሽ እኔ ነኝ" አሉ። "ሳላይ የፈረምኩትም እኔ ነኝ። ያንቺን አንቺ እስክትዪው ነው የጠበቅሁት።"

ከዚያም መዝገቡን አምጪ አሉ። ሦስተኛው ቲዩብ የተገጠመበትን ገጽ ከፈትኩላቸው። በጣታቸው ፊርማቸው የሚያርፍበትን ቦታ ፈልገው አገኙና ብዕሩን ለኔ ሰጡኝ። "ኸዚህ ወዲህ የገጠመ ይፈርማል" አሉ። ፈረምኩ። እሳቸው ከኔ ሥር ፈረሙ።

ያ ቲዩብ ሳይንቀጠቀጥ ሠራ። ጋሽ ምናለ በክብር ጡረታ ወጡ፤ እሳቸው ካረፉም በኋላ ይሠራ ነበር። በመጨረሻ አዲስ ማሽን መጥቶ ሲወጣ ምላሶቹን አየኋቸው። ዙሪያቸውን እኩል ደብዝዘዋል፤ የጠቆረ አንድም አልነበረም። በየዓመቱ ለጥምቀት ያ ከበሮ ሲመታ ከሰው መሃል ቆሜ የምሰማው አቶ ተገኘን እያሰብኩ ነው።

ለሥራው አዲስ የሆናችሁ ሁለት ነገር ያዙ። ክብ ነገር ስታጠብቁ ከአንዱ ብሎን ቀጥሎ የሚጠበቀው ጎረቤቱ ሳይሆን ፊት ለፊቱ ያለው ነው። በገዛ እጃችሁ በገጠማችሁት ላይ ደግሞ ራሳችሁ ፈርሙ።